የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር በራስ እጅ ማስተካከል፣ ደጋ ላይ ለምንነዳ ሰዎች

ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አልነሳ ሲል፣ መብራት ላይ ቆመን ሲጠፋብን ወይ የሞላነው ቤንዚን እንደ ድሮው ሩቅ አላስኬድ ሲለን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ካርቡሬተሩን ነው። ጋራዥ ስንወስደው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደረገው የሚኒሞዋን (ነዳጅ ሳንሰጥ ሞተሩ የሚሰራበትን ዙር የምትወስነውን) ብሎን ጠበቅ አድርጎ የሞተሩን ድምፅ ከፍ ማድረግ ነው፣ ለጊዜው አይጠፋም፣ እኛም ተስተካከለ ብለን ከፍለን እንሄዳለን፣ ችግሩ ግን እዛው ነው፣ ቤንዚኑንም ይባስ ብሎ ይበላል። ይሄን ስራ ትዕግስት ያለው ማንም ሰው ግቢው ውስጥ በግማሽ ቀን ሊሰራው ይችላል። የሚያስፈልገው ውድ እቃ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን አለማዛባት ነው፣ አንድ ነገር ትነካላችሁ፣ ትሞክራላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ከዛ ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከነካችሁ የትኛው እንዳሻሻለው የትኛው እንዳበላሸው በፍጹም አታውቁም።

የምጽፈው እኛ ጋ በብዛት ስላለው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው፣ ሆንዳ ሲጂ 125 እና በሱ አምሳል ቻይና የተሰሩት 125 እና 150 ሲሲ ሞተሮች፣ ካርቡሬተራቸው ብዙ ጊዜ ፒዜድ 26 ወይ ፒዜድ 27 የሚባለው፣ ነዳጅ መስጫውን ስታዞሩ ካቦው ስላይዱን (የአየሩን መግቢያ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ክፍል) በቀጥታ ወደ ላይ የሚጎትትበት አይነት። እንደ ፐልሰር ያሉት ላይ ያለው በላስቲክ የሚሰራው የቫኪዩም ካርቡሬተር ትንሽ ይለያል፣ እሱን መጨረሻ አካባቢ እነካካዋለሁ። ኢንጀክሽን ያለው አዲስ ሞተር ከሆነ ግን ይሄ ጽሁፍ አይመለከታችሁም፣ እዛ ላይ በካቻቪቴ የሚስተካከል ነገር የለም።

መጀመሪያ ውስጡ ምን እንደሚሆን እንግባባ

ሳይገባችሁ ብሎን ማዞር ዋጋ የለውም ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ፒስተኑ ሲወርድ አየር ይስባል፣ አየሩ በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምርና ግፊቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ከስር ሳህኑ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን በጄቶቹ (የተለካ ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ የነሐስ ክፍሎች) ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይደባለቃል፣ በቃ ይሄ ነው። ለ1 ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ግራም ገደማ አየር ያስፈልገዋል፣ ሞተሩ ጉልበት ሲጠየቅ ደግሞ ቤንዚኑ በዛ ብሎ አየሩ ወደ 13 ቢወርድ ይመቸዋል።

ካርቡሬተር ግን አየሩን አይመዝንም፣ ቀዳዳው የተወሰነ ነው፣ የሚያሳልፈውን ያሳልፋል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቷ ባህር ዳርቻ ላይ ካለ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል፣ ደብረ ብርሃንማ ከዛም ከፍ ትላለች። አየሩ ሳስቶ ጄቱ ግን ለቆላ የተመረጠው ከሆነ የሚመጣው ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ነው። ሆንዳ ራሱ በአንዳንድ ሞዴሎቹ የጥገና መጽሐፍ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚነዳ ሰው ሌላ ጄትና ሌላ የብሎን ልክ ያዝዛል። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይ ደብረ ብርሃን ሆናችሁ አዲስ ሞተር ገዝታችሁ ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ከጠቆረ፣ ሞተሩ ሳይበላሽ ለከፍታው ስላልተስተካከለ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፣ ይሄ በአየሩ ምክንያት ነው፣ የትኛውም ጎበዝ መካኒክ ካርቡሬተር አስተካክሎ አይመልሰውም። የምታገኙት ነገር ሞተሩ ቶሎ መነሳቱ፣ ነዳጅ ስትሰጡት አለመንተፋተፉ፣ ቤንዚን መቆጠቡና ካንዴላ አለመብላቱ ነው፣ እሱም ትንሽ አይደለም።

ካርቡሬተሩን ከመንካታችሁ በፊት

ይሄን ክፍል ዘላችሁ እንዳትሄዱ ለምኛችኋለሁ፣ ምክንያቱም ካርቡሬተር ነው ተብሎ ከሚመጣው ችግር ብዙው እዚህ ነው የሚያልቀው።

የአየር ፊልትሮውን አውጡና እዩት። አቧራ የጠጣ ፊልትሮ አየር ያንቃል፣ አየር ሲታነቅ ቤንዚን ይበዛል፣ እናንተ ያንን በካርቡሬተር ካካካሳችሁት ፊልትሮውን ያጸዳችሁ ቀን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ጥላ ስር ደርቆ ትንሽ የሞተር ዘይት ተቀብቶና ተጨምቆ ይመለሳል፣ ወረቀት ከሆነ ቀይሩት። ፊልትሮ አውጥቶ መንዳት የሚባለውን ነገር እርሱት፣ የኛ አገር አቧራ ሲሊንደሩን በአጭር ጊዜ ነው የሚፍቀው።

ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ የቡና አይነት ቀለም ወይ ግራጫ ከሆነ ድብልቁ ጥሩ ነው፣ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ሆኖ ተጠብሶ ከሆነ አየር በዝቷል፣ እርጥብ ዘይታማ ጥቁር ከሆነ ግን የሚቃጠለው ዘይት ነው፣ ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ወይ የቫልቭ ጎማ ማየት አለባችሁ፣ ካርቡሬተር ብትፈቱ ጊዜ ማባከን ነው። የጫፉ ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው። የቫልቭ ክፍተቱንም አስለኩ፣ ሲጂ 125 ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ለሁለቱም 0.08 ሚሊሜትር ነው፣ ለሌላው የራሱን መጽሐፍ እዩ። የቫልቭ ክፍተት የጠበበበት ሞተር ምንም ብታደርጉት ሚኒሞ አይዝም።

ከዛ ቤንዚኑ ራሱ። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ብዙዎቻችን በሃይላንድ የሚሸጠውን እንገዛለን፣ ውስጡ ውሃ፣ ላምባ ወይ ደቃቅ አቧራ ሊኖርበት ይችላል። ከካርቡሬተሩ ስር ባለችው የማፍሰሻ ብሎን ትንሽ ቤንዚን በንጹህ ብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡት፣ ውሃ ካለ ከስር ለብቻው ይታያል፣ ዝገት ካለ ደግሞ የታንኩ ነው። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳም ትደፈናለች፣ ሞተሩ ለተወሰነ ጊዜ በደንብ ሄዶ ከጠፋና ክዳኑን ከፈት ስታደርጉት እፍ የሚል ድምፅ ተሰምቶ እንደገና ከተነሳ ጥፋተኛው እሷ ናት።

በመጨረሻ አየር የሚሾልክበት። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሰራ ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ቦታ ላይ ትንሽ የሳሙና ውሃ እርጩበት፣ ድምፁ ከተለወጠ ጓርኒሲዮኑ ወይ ኦሪንጉ አየር ያስገባል። አንዳንዱ ሰው ለዚህ ቤንዚን ይረጫል፣ በጋለ ሞተር ላይ እሳት መለኮስ ማለት ነው፣ እንዳታደርጉት።

መፍታትና ማጽዳት

የሚያስፈልገው እቃ ባለ 10 ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ጥሩ ባለ መስቀል ካቻቪቴና ሁለት ሶስት መጠን ያለው ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሰፋ ያለ ትሪ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። ባለ መስቀሉ ላይ አትቆጥቡ፣ የጃፓንና የነሱ አይነት ካርቡሬተሮች ብሎናቸው ላይ ያለው መስቀል ከተለመደው ፊሊፕስ ትንሽ ስለሚለይ ልክ ያልሆነ ካቻቪቴ ይንሸራተትና ጭንቅላቱን ይበላዋል፣ ከዛ በኋላ ማውጣቱ መከራ ነው።

ቦታው ክፍት ግቢ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን እየሄደ ራቅ ያለ እሳት ሊያገኝ ይችላል፣ ስለዚህ ግቢው ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና እየተፈላ ወይ እንጨት እየነደደ ከሆነ ያ እስኪያልቅ ጠብቁ። ሲጋራም እንደዛው። በር የተዘጋበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ሞተር አስነስታችሁ አትሞክሩ፣ ጭሱ ሽታው እንኳን ሳይታወቅ ይገድላል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝም ጠብቁ።

የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ፣ ሳህኑ ውስጥ ያለውን በማፍሰሻዋ አውጡ፣ የቤንዚን ቱቦውን ንቀሉ። ከላይ ያለውን ክብ ክዳን በእጅ ስታዞሩት ስላይዱ ከነመርፌው ከነሞላው ከነካቦው ይወጣል፣ መርፌው እንዳይጣመም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ጎን አስቀምጡት። ከፊልትሮ በኩል ያለውን ማሰሪያ አላሉ፣ ከሞተሩ በኩል ያሉትን ሁለት ቡሎኖች ፍቱ፣ ካርቡሬተሩ ይወጣል። በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ስትገጥሙ ትመርቁኛላችሁ።

አሁን ሳህኑን የያዙትን ብሎኖች ፍቱ። ውስጡ ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈውን ፍሎት ታያላችሁ፣ የያዘችውን ቀጭን ፒን ገፋ አድርጋችሁ አውጡ፣ አብራ የምትወጣው ጫፏ ሾጣጣ የሆነች ትንሽ መርፌ ናት ሳህኑ ሲሞላ ቤንዚን የምትዘጋው። ሾጣጣው ጫፍ ላይ ዙሪያውን የተበላ ቀለበት ካያችሁ ቀይሯት፣ ያቺ ናት ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቤንዚን መሬት ላይ የምታንጠባጥበው።

መሃል ላይ ያለው ትልቁ ጄት ዋናው ነው፣ ከጎኑ ጠልቆ የተቀመጠው ትንሹ የሚኒሞ ጄት ነው። ሁለቱም ነሐስ ስለሆኑ ለስላሳ ናቸው፣ ካቻቪቴው ስፋቱ ልክ ካልሆነ ጥርሳቸውን ይሰብረዋል። ላያቸው ላይ ቁጥር አለ፣ ጻፉት። 35 የሚል የሚኒሞ ጄት ቀዳዳው ከሚሊሜትር አንድ ሶስተኛ ብዙም አይበልጥም፣ እና ሞተራችሁ ሚኒሞ አልይዝ ያለው ብዙ ጊዜ ይቺ ቀዳዳ ላይ በተጋገረ የቤንዚን ዝቃጭ ነው። ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ በውስጡ እዩ፣ ክብ ጥርት ያለ ብርሃን ካልታየ አልጸዳም ማለት ነው።

የድብልቅ ማስተካከያዋን ብሎን ከመንቀላችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ እያዞራችሁ እስክትቀመጥ ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠሩና ጻፉ፣ ስትቀመጥ አቁሙ፣ አታጥብቁ፣ ጫፏ ከተጎዳ ወይ ቀዳዳውን ካሰፋች ካርቡሬተሩ ከዛ በኋላ መቼም በትክክል አይስተካከልም። ስትወጣ ሞላ፣ ትንሽዬ ሮንዴላና ከሁሉም አንሳ የምትታይ ኦሪንግ አብረው ሊወጡ ይችላሉ፣ ኦሪንጓ ውስጥ ቀርታ የምትረሳ ናት፣ ሳትወጣ ስፕሬይ ከነካት አብጣ ትበላሻለች።

ለማጽዳት የካርቡሬተር ስፕሬይ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ንጹህ ቤንዚንና የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ቀዳዳዎቹን በብረት ሽቦ ወይ በመርፌ አትውጉ፣ ጄት ማለት የተለካ ቀዳዳ ነው፣ አንዴ ከሰፋ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። የግድ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ፀጉር መዝዛችሁ እሷን ተጠቀሙ። ከሁሉም የሚሻለው ግን አካሉን ይዛችሁ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ በኮምፕሬሰሩ ማስነፋት ነው፣ ፍሎትና ላስቲክ ነገሮችን አውጥታችሁ፣ አይናችሁን ጠብቃችሁ፣ በሁሉም ቀዳዳ አየሩ በሌላኛው በኩል መውጣቱን እያያችሁ። በአፍ መንፋትና ቤንዚን በአፍ መሳብ የለመዳችሁ ካላችሁ ተዉት፣ ቤንዚን ሳንባ ውስጥ ከገባ ሆስፒታል የሚያስተኛ ነገር ነው።

ስትገጥሙ ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። ስላይዱ አንድ ጎኑ ተቆርጦ ከፍ ያለ ነው፣ ያ የተቆረጠው ጎን ወደ ፊልትሮው ይዞራል፣ ጎኑ ላይ ያለው ቦይም ውስጥ ካለችው ጥርስ ጋር ይገጥማል። ክዳኑን አጥብቃችሁ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ሰጥታችሁ ልቀቁት፣ ስላይዱ ሲወድቅ ቋ ብሎ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ወይ ከዘገየ ሞተሩን እንዳታስነሱት፣ ነዳጅ ሰጥቶ የማይመለስ ሞተር ሰው ያጠፋል። ለካቦው ነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ሲለካ ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር ልቅነት ተዉለት፣ በኋላ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሆኖ መሪውን ግራና ቀኝ ስታዞሩ ድምፁ ከፍ ዝቅ ካለ ካቦው ተወጥሯል ማለት ነው።

ሳህኑ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ከፍታም አሁን እዩ። ግልጽ የሆነ ቀጭን ቱቦ ማፍሰሻው ላይ ሰክታችሁ ወደ ላይ በካርቡሬተሩ ጎን ያዙት፣ የማፍሰሻ ብሎኑን አላሉ፣ ቤንዚኑን ክፈቱ። ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ሳህኑና አካሉ ከሚገናኙበት መስመር ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ከመስመሩ በላይ ከወጣ በሁሉም ፍጥነት ቤንዚን ይበዛል፣ የትኛውም ብሎን አያስተካክለውም። ፍሎቱ ላይ የብረት ምላስ ካለ በትንሽ በትንሹ ይታጠፋል፣ ሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ ግን መርፌዋን ወይ ፍሎቱን መቀየር ነው።

ሚኒሞና ድብልቅ

መጀመሪያ ሁለቱን ብሎኖች ለዩ። ትልቋ፣ ብዙ ጊዜ በእጅ የምትያዘው፣ ስላይዱን ከስር የምትደግፈው የሚኒሞ ናት፣ የሞተሩን ዙር ብቻ ነው የምትቀይረው። ትንሿ የድብልቅ ናት። ድብልቋ ደግሞ ሁለት አይነት ናት፣ ከስላይዱ ወደ ፊልትሮ በኩል ካለች አየር ነው የምትቆጣጠረው፣ ስትከፍቷት አየር ይጨምራል። ከስላይዱ ወደ ሞተሩ በኩል ካለች ቤንዚን ነው የምትቆጣጠረው፣ ስትከፍቷት ቤንዚን ይጨምራል። ይሄን ሳያውቅ የሚያዞር ሰው ሁልጊዜ በተቃራኒው ነው የሚሄደው።

ድብልቋን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻ አስገቡና አንድ ዙር ተኩል ክፈቷት፣ መነሻችሁ ይሄ ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ኑ፣ ቆሞ መሞቅ በቂ አይደለም። ቾኩ (በብርድ ለማስነሳት ቤንዚን የሚያበዛው) ሙሉ በሙሉ መመለሱን እዩ። ሚኒሞውን ከተለመደው ትንሽ ከፍ አድርጉ። ከዛ ድብልቋን በሩብ ዙር ወደ ውስጥ አዙሩ፣ 10 ሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ ስሙ። ካርቡሬተር ወዲያው አይመልስም፣ የሚቸኩል ሰው ያለፈውን ዙር ነው የሚሰማው። ሞተሩ ማንተፋተፍ ወይ መውረድ ሲጀምር የት እንደሆናችሁ ያዙ፣ አሁን ደግሞ በሩብ ሩብ ወደ ውጪ፣ ዙሩ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ከዛ እንደገና መውረድ ይጀምራል። የምትፈልጉት በሁለቱ መውረጃዎች መሃል ሞተሩ በጣም ፈጥኖ እኩል የሚመታበትን ነጥብ ነው።

እዛ ላይ ስትደርሱ ዙሩ ስለሚጨምር ሚኒሞውን ቀንሱ፣ ሲጂ 125 ላይ 1,400 ዙር በደቂቃ ገደማ ነው፣ ቆጣሪ ከሌላችሁ ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥና ሳይጮህ የፊት መብራቱ ሳይደበዝዝ የሚቆምበት ነው። ከቀነሳችሁ በኋላ ድብልቋን እንደገና ፈልጉ፣ ሁለተኛ ጊዜ ነጥቡ ጥርት ብሎ ይሰማችኋል። በመጨረሻ ከዛ ነጥብ አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ ቤንዚን ወደሚጨምርበት አቅጣጫ ውሰዷት፣ ጠዋት ብርዱ ላይ ለመነሳት ይረዳታል። አሁን ነዳጁን ድንገት ስጡት፣ ወዲያው ከተቀበለና ስትለቁት ቶሎ ከወረደ ጨርሳችኋል። ስትሰጡት ለአፍታ ከሞተና ከዛ ከተነሳ አየር በዝቷል፣ ስትለቁት ዙሩ ከላይ ተንጠልጥሎ ከቆየም እንደዛው፣ እየከበደው ጥቁር ጭስ ተፍቶ ከተነሳ ግን ቤንዚን በዝቷል።

ቤንዚን የምትቆጣጠረዋ ብሎን ጥሩው ነጥቧ ከግማሽ ዙር በታች ላይ ከተገኘ የሚኒሞ ጄቱ ለከፍታችሁ ትልቅ ነው፣ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ግዙ፣ ደጋ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ይሄ ነው። ከሶስት ዙር በላይ ከከፈታችሁ ደግሞ ጄቱ ትንሽ ነው ወይ አልጸዳም። የአየር ብሎን ላይ ነገሩ ይገለበጣል።

መርፌና ዋናው ጄት

ሚኒሞው ካልተስተካከለ እዚህ አትምጡ። ነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሶስት አራተኛና ሙሉ ብላችሁ ምልክት አድርጉ፣ ምክንያቱም ችግሩ በስንት ኪሎሜትር ፍጥነት እንደመጣ ሳይሆን እጀታው የት ላይ ሆኖ እንደመጣ ነው የሚጠቅማችሁ። እስከ አንድ ስምንተኛ ያለው የሚኒሞ ጄትና የድብልቋ ስራ ነው፣ ከዛ እስከ ሩብ የስላይዱ ቁርጥ፣ ከሩብ እስከ ሶስት አራተኛ ስላይዱ ላይ ያለው ረጅሙ መርፌ፣ ከዛ በላይ ዋናው ጄት። በከተማ ውስጥ አብዛኛው ጉዟችን መርፌው ላይ ነው፣ ቤንዚን ቆጣቢነት የሚወሰነውም እዛ ነው፣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዋናውን ጄት ብቻ ነው የሚቀይረው።

ሰው የማይበዛበት መንገድ ላይ እጀታውን ግማሽ ላይ ይዛችሁ ንዱ። ሞተሩ እየከበደው ድድድ እያለ ከሄደ ቤንዚን በዝቷል፣ እየተንቋረጠ ወደፊት ወደኋላ ካለ ወይ ቾኩን ትንሽ ስትስቡ ከተሻለው አየር በዝቷል። መርፌው ላይ ብዙ ጊዜ አምስት ቦዮች አሉ፣ ትንሿ ክሊፕ መሃሉ ላይ ናት። ክሊፗን አንድ ቦይ ወደ ላይ ብታወጧት መርፌው ይወርድና ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ታች ብታወርዷት መርፌው ከፍ ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። አንድ ቦይ ብቻ፣ ከዛ ነድታችሁ እዩ።

ዋናውን ጄት የምትፈትኑት ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ነው። ሙሉ ላይ ሳለ ትንሽ ወደ ሶስት አራተኛ ስትመልሱት ጉልበት ካገኘ ጄቱ ትንሽ ነው፣ ሙሉ ላይ እየከበደው ድድድ ካለ ግን ጄቱ ትልቅ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ብዙ ጊዜ አንድ ወይ ሁለት ቁጥር መውረድ ይበቃል፣ ለምሳሌ 105 የነበረው ወደ 102 ወይ 100። መርካቶ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥርሱ የተለያየ ስለሆነ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ላይገጥም ይችላል። ጄት ውስጥ የመዳብ ፀጉር አስገብቶ ማጥበብ ወይ ወፍጮ አስገብቶ ማስፋት የሚባለውን ግን አትቀበሉ፣ ሽቦው አንድ ቀን ይወጣል፣ የሰፋው ደግሞ አይመለስም። ከጨረሳችሁ በኋላ ሙሉ ነዳጅ ላይ ትንሽ ነድታችሁ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉና ዳር ቁሙ፣ ካንዴላው ሲቀዘቅዝ ቀለሙን እዩ፣ ሚኒሞ ላይ ረጅም ቆሞ የታየ ካንዴላ ስለ ዋናው ጄት ምንም አይነግራችሁም።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ ግን ቤንዚን በትንሹ ወደ መብዛት ያደላ ይሁን። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ካንዴላ ያጠቁራል፣ ኪሳችሁን ይጎዳል፣ ለረጅም ጊዜ ከተተወም የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ አየር የበዛበት ግን ሙሉ ጉልበት ላይ ፒስተኑን እስከማቅለጥ ይደርሳል፣ እሱ በአንድ ረጅም ጉዞ ውስጥ ነው የሚሆነው።

የቫኪዩም ካርቡሬተር ላይ ማጽዳቱና የሚኒሞው አሰራር ያው ነው፣ ልዩነቱ ከላይ ክዳኑ ስር ስስ ላስቲክ መኖሩ ነው። ላስቲኩን ስፕሬይ አታስነኩት፣ ብርሃን ላይ ዘርጋ አድርጋችሁ ቀዳዳ እዩ፣ የመርፌ ቀዳዳ እንኳን ካለው ሞተሩ ከግማሽ በላይ አይከፍትም። መርፌውም ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ቦይ ስለሆነ ክሊፕ ማንቀሳቀስ የለም።

ቆላ ስትወርዱ

አዲስ አበባ ላይ ጥርት አድርጋችሁ ያስተካከላችሁት ሞተር ወደ አዋሽ፣ ድሬዳዋ ወይ ሰመራ ይዛችሁት ከወረዳችሁ አየሩ ይወፍራል፣ እና ጄቱ ያነሰበት ሞተር ሙቀቱ ላይ አየር ይበዛበታል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ እንኳን ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት፣ ከዛ ደግሞ ወደ ደጀን ስትወጡ ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ የሚጠየቅበት ዳገት ነው፣ ሙቀቱም እዛው ነው። እንደዚህ ላለ አልፎ ሂያጅ መንገድ ጄት መቀየር አያስፈልግም፣ ዳገቱን ሙሉ ነዳጅ ይዛችሁ ሳይሆን ማርሽ ቀንሳችሁ ግማሽ ላይ ውጡት፣ መሃል ላይ አሳርፉት። ቆላ ሄዳችሁ የምትሰነብቱ ከሆነ ግን የድሮውን ዋና ጄት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ኮርቻው ስር ያዙ፣ የሳህኑን ብሎኖች ፈትቶ መቀየር ከ20 ደቂቃ አያልፍም፣ ድብልቋንም እዛው እንደገና ትፈልጓታላችሁ፣ መርፌውን ዝቅ አድርጋችሁት ከነበረም ክሊፗን ወደ መሃሉ ቦይ መልሱ። ዘወትር ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ዋናውን ጄት ጨርሶ ባይነካው፣ ሚኒሞውንና መርፌውን ብቻ ለደጋው ቢያስተካክል ይሻለዋል።

ሞተሩን ከወር በላይ የምታቆሙት ከሆነ የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉና ሳህኑን በማፍሰሻዋ ባዶ አድርጉት፣ አለበለዚያ ቤንዚኑ ተኖ የሚቀረው ዝቃጭ የጸዳችውን የሚኒሞ ጄት መልሶ ይደፍናታል።